ማን ይያዘው? የራያ ቀንድ፣ የቆቦ አልጋና የቶርኖ መንጋጋ

በጥር 2015 ዓ.ም. ለጓደኛችን ሰርግ ቆቦ ወርደን ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ገና ሦስት ወር አልሞላውም። ከተማው የዘገዩ ሰርጎቹን ሁሉ በአንድ ወር ለመጨረስ የቸኮለ ይመስል በየሰፈሩ ዳስ ተጥሏል። ሰርጉ አንድ ቀን ሲቀረው የሙሽራው አልጋ መጣ። አልጋው ባለ ሦስት እግር ነው። አራተኛው "ነገ ይደርሳል" ተብሏል። ሙሽራው መሄድ አይችልም፤ እኛ አዲስ አበቤዎቹ ደግሞ ለዳስ ሥራ እንደማንረባ ገና በመጀመሪያው ቀን ስለተረጋገጠ "በሉ እናንተ ሂዱና እግሩን ይዛችሁ ኑ" ተባልን።

ይህ ጽሑፍ የዚያ እግር ጦስ ነው።

የእንጨት ቤቱ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። ባለቤቱ ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁን ጋሼ ብቻ እንበላቸው። የአልጋው እግር ቶርኖው ላይ ታስሮ ግማሹ ተቀርጿል። እኛ በሩን ስናልፍ ዲናሞው አቃሰተና ዝም አለ። መብራት ሄደ። ጋሼ ቀና እንኳን ሳይሉ "ቁጭ በሉ እንግዲህ" አሉን። መብራቱ የተመለሰው ከሦስት ሰዓት በኋላ ስለሆነ ሻይም ጠጣን፣ ጫወታም ያዝን። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ሦስት ሰዓት ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ቶርኖው ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ከየት እንደተገዛ ጠየቅናቸው።

"ማሽኑን ተዉት ልጆቼ" አሉን። "ማዞር ማንም ያዞራል። የሚይዘውን እዩ።"

የሚይዘው ነገር ከወፍራም የውሃ ቱቦ የተቆረጠ፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር የማይሞላ ብረት ነው። አንዱ ጫፉ ላይ ክብ ሰሌዳ ተበይዶበት ከዘንጉ ጋር ተገጥሟል። ሌላው ጫፉ ክፍት ነው። ጎኑ በስምንት ቦታ ተበስቶ ስምንት ቡሎኖች ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ አራቱ ከፊት፣ አራቱ ከኋላ። እንጨቱን ከቱቦው ውስጥ ከተው ቡሎኖቹን በተራ ሲያጠብቁ እንጨቱ ከስምንት አቅጣጫ ይነከሳል። ቡሎኖቹ ጭንቅላት የላቸውም። ጋሼ በብረት መጋዝ ቆርጠው ጥለውታል፤ በምትኩ ካቻቢቴ የሚገባበት ስንጥቅ አውጥተውላቸዋል። ምክንያቱን ለመናገር ግራ እጃቸውን አሳዩን። የመሐል ጣታቸው አንጓ ወደ ጎን ዞሮ ድኗል። "ጭንቅላት የነበረው ጊዜ" አሉ፣ በቃ።

አዲስ አበባ ተመልሰን ስናነብ ያገኘነው ነገር ገረመን። ይህ ባለ ስምንት ቡሎን መያዣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ቀራጮች በሰፊው የሚጠቀሙበት ነበር። ደወል ስለሚመስል እንግሊዞቹ ስሙን ከደወል ወስደው ሰጥተውታል። ጋሼ ያንን መጽሐፍ አላዩም። ችግሩ አንድ ስለሆነ መልሱም አንድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ችግሩ ምንድን ነው? ቶርኖ ቀላል ሐሳብ ነው፤ እንጨቱ ይዞራል፣ መሮው ይቆማል። የአልጋ እግር፣ የወንበር እግር፣ ዘነዘና የመሰለ ረጅም ነገር ከሆነ አይቸግርም፤ ከሁለት ጫፉ በሁለት ሹል ይወጋና መሐሉ ይቀረጻል። ስለ ቶርኖ ያለን የመጀመሪያው አስተማማኝ ሥዕልም ይህንኑ ያሳያል። ግብፅ ውስጥ ጴጦሲሪስ የተባለ ካህን መቃብር ግድግዳ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ፣ ሁለት ሰዎች ተቀርጸዋል፤ አንዱ ጠፍር ወዲህና ወዲያ እየሳበ ዕቃውን ያዞራል፣ ሌላው ስለቱን ደግፎ ይልጋል። ወዲህ ሲዞር ይቆርጣል፣ ወዲያ ሲመለስ ስለቱን ያነሳል። ግማሹ ድካም ለመልስ ጉዞ ይባክናል።

ዋንጫ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዋንጫ አፍ አለው። ውስጡ መቦርቦር ስላለበት አንዱን ጫፍ በሹል ወግቶ መያዝ አይቻልም፤ መሮው የሚገባው በዚያ በኩል ነው። በአንድ ጫፍ ብቻ ጠበቅ አድርጎ፣ ሳይሰነጥቅ፣ ሳያወዛውዝ የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ቋንቋ ቻክ የሚባለው እሱ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ራያ ከብት እንግባ። ራያ የሰንጋ አገር ነው። የከብት ዝርያ የሚያጠኑ ሰዎች የራያ አዘቦን ከብት ሰንጋ ከሚሉት ቤተሰብ ይመድቡታል፤ ቀንዱ ረጅም፣ ወደ ላይ ተስቦ የተከፈተ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንደርታ ላይ እንዲህ ያሉ ከብቶችን አይቶ ቀንዳቸውን በስፍር ለክቶ ጽፏል፤ አገሬው ከቀንዱ የመጠጥ ዕቃ እንደሚሠራበትም መዝግቧል። ያኔ የእንደርታው ጌታ ራስ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። ራሱ ሰንጠረዥ ወዳድ እንደነበሩ፣ የሚጫወቱባቸውም ጠጠሮች ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትላልቅና ከባድ እንደነበሩ የዘመኑ እንግሊዛውያን ጽፈዋል።

ከመካከላችን የአንዷ አያት ቤት አንድ አሮጌ የቀንድ ዋንጫ አለ። ጠላ መጠጫ መሆኑ ቀርቶ ዛሬ የቁልፍ ማስቀመጫ ሆኗል። ከቆቦ ስንመለስ መጀመሪያ ያደረግነው እሱን ወደ መስኮት ይዞ መመልከት ነው። ከአፉ በታችና ከመቀመጫው በላይ ዙሪያውን የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። አንዱ ከሌላው ያለው ርቀት እኩል ነው፤ መነሻቸውና መድረሻቸው ይገጥማል። በቢላዋ ይህንን ማድረግ የሚችል ሰው ካለ እናደንቀዋለን። ዕቃው የዞረ ነው። ዞሯል ካልን ደግሞ አንድ ነገር ይዞት ነበር ማለት ነው። ያ ነገር ምን ነበር?

በነገራችን ላይ ስታዲየም ገብተን "ዋንጫው የኛ ነው!" ብለን የምንጮህለት የብር ዕቃ ስሙን የወሰደው ከዚህ ቀንድ ነው። የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ ያውቀው እንደሆነ አልጠየቅንም።

ጋሼን ጠየቅናቸው። ከመደርደሪያ ሥር አንድ ድቡልቡል እንጨት አወጡ። የወይራ ነው፤ ከመሐሉ ጉድጓድ ተቆፍሮለታል። ጉድጓዱ ከአፉ ሰፋ ብሎ ወደ ውስጥ በጥቂቱ ይጠባል። የሚቀረጸው ዕቃ ጭራ በዚያው ልክ ይላጭና በመዶሻ መታ መታ ተደርጎ ይጎሰጎሳል። ቡሎን የለ፣ መንጋጋ የለ፤ ጥበቡ ያለው ጥበቱ ላይ ነው። ብዙ ከጠበበ መያዣው ይሰነጠቃል፣ ከሰፋ ዕቃው ፊት ላይ ይመጣል። ቢያንሸራትት ጠመኔ ይቀባል፤ ቢላላ ጭራው በውሃ ይረጥብና እንዲያብጥ ይደረጋል። ቀንድም እንጨትም በዚህ ይያዛል። የዓለም ቀራጮች ለብዙ መቶ ዓመታት ጎድጓዳ ዕቃ ከሠሩባቸው መንገዶች ዋነኛው ይኸው ነው፤ ዛሬም አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ሳህን የሚቀርጹ ሰዎች መቀመጫውን ለማስተካከል ሲፈልጉ ወደዚሁ ይመለሳሉ።

የዚህ መያዣ ጣጣው ለአንድ ልክ ብቻ መሆኑ ነው። ዕቃው ሲሰፋ ሌላ መያዣ፣ ሲጠብ ሌላ። ስለዚህ የቀራጭ ሀብት ማሽኑ ሳይሆን ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው የመያዣ ዓይነት ነው። ጋሼ ከአባታቸው የወረሱትና ራሳቸው የጨመሩት አንድ ግድግዳ ሙሉ ነበራቸው። ለማን ዕቃ፣ ለምን ልክ እንደሆነ እያንዳንዱ ላይ በጋለ ምስማር ምልክት አድርገውበታል። "ነበራቸው" ያልነው ወደን አይደለም፤ እንመለስበታለን።

ባለ መንጋጋው ቻክ የፋብሪካ ዘመን ልጅ ነው። አሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ ሳይመን ፌርማን የተባለ ሰው በ1840 እ.ኤ.አ. የቶርኖ ቻክ የፈጠራ መብት አወጣ። ኋላ አማቹ ኦስቲን ኩሽማን ሥራውን ይዞ ስሙን በዓለም ወርክሾፖች አስጠራው። ዛሬ በየቶርኖ ቤቱ የምናየው ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ አሠራሩ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይመስላል፤ ከሆዱ ውስጥ ጥምዝምዝ ቦይ ያለው ሰሌዳ አለ፣ መንጋጋዎቹ በጥርሳቸው ቦዩ ላይ ተቀምጠዋል። በመፍቻ ሰሌዳውን ስታዞሩት ሦስቱም በአንድነት ወደ መሐል ይመጣሉ። ክብ ነገር ከሆነ መሐሉን ራሱ ያገኝለታል። ባለ አራቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ መንጋጋ በየራሱ ቡሎን የሚሄድ ነው፤ ይዘገያል፣ ግን ጠማማውንም ይይዛል። የጋሼ ቱቦ የዚህኛው የሥጋ ዘመድ ነው።

እንግዲህ ፌርማን መብቱን ባወጣ በ26 ዓመቱ አጼ ቴዎድሮስ ወደ እንግሊዝ ሰው ላኩ። ሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ሚሲዮናዊው ፍላድ የንጉሡን ጥያቄ ይዞ ሄደ። ጥያቄው የእጅ ባለሙያዎችና ማሽን ነበር። እንግሊዞቹ ባለሙያዎቹንም ዕቃውንም ላኩ፤ ነገር ግን እስረኞቹ ሳይፈቱ ከምጽዋ እንዳያልፉ ተደረገ። ቆይተው ተመለሱ። በ1860 ዓ.ም. የመጣው የናፒየር ጦር ነው፤ ከቆቦ ሜዳ በላይ ባለው ደጋ፣ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አልፎ መቅደላ ገባ። ማሽን የጠየቀ ንጉሥ መድፍ መጣለት። መቅደላ ሲዘረፍ ከተወሰዱት ዕቃዎች መካከል በብር የተዋቡ የቀንድ ዋንጫዎች ነበሩበት።

የማሽን ጥማቱ ያኔ ቢኖርም የሚያዞረውን ሰው ማክበር ሌላ ጉዳይ ነው። ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በላ፣ ፋቂውን ሌላ ስም እያወጣን የኖርን ሕዝብ ነን። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ጋሼ አባታቸው ቀራጭ መሆናቸውን ለሚያጩላቸው ቤተሰብ ሽማግሌዎቹ "ገበሬ ነው" ብለው እንደተናገሩላቸው ሳቅ እያሉ አጫወቱን። አዋጁ ከወጣ ስልሳ ዓመት ያለፈው ጊዜ መሆኑ ነው።

ቶርኖ በስሙ ቆቦ የገባው በመኪና መንገድ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ውጊያው ሆነ፤ ሚያዝያ ሳይጋመስ ጣልያን ደሴን ያዘ። ከዚያ በኋላ የአስመራን መንገድ በኮረም አውርዶ፣ ግራካሕሱን ጠመዝማዛ አድርጎ፣ አላማጣን፣ ቆቦንና ወልድያን አቋርጦ ደሴና አዲስ አበባ አደረሰው። ካሚዮን በሚያልፍበት ካሚዮን ይሰበራል፤ ካሚዮን በተሰበረበት ጋራዥ ይከፈታል። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ ከመንገዱ ጋር ቃላቱ ቀሩ። ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። የጋሼ ቤት ውስጥ ጣልያንኛ የሚናገር ሰው የለም፤ ዕቃዎቹ ግን ሁሉም በጣልያንኛ ስማቸው ይጠራሉ።

አንዱ ብቻ አይጠራም። ጣልያኖች ቻክን ማንድሪኖ ይሉታል። የጋሼ ረዳት፣ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ የነበረው ልጅ፣ "ቻክ" ነው የሚለው፤ የተማረበት ሞጁል በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ። ከ1934 ዓ.ም. ተግባረ ዕድ አንስቶ በየክልሉ እስከተከፈቱት ኮሌጆች ድረስ የብረታ ብረት ትምህርት በብዛት የመጣው በዚያ ቋንቋ ነው። ጋሼ ደግሞ "መንከሻ" ይሉታል። አንድ ማሽን ላይ ሦስት ዘመን ተቀምጧል፤ ገላው የጣልያን፣ እጁ የእንግሊዝ፣ ጥርሱ የኛ።

ልጁ ጥሩ ባለሙያ ነው፤ የጎደለውን ራሱ ነገረን። የተማረበት ቦታ ቻኩ ማሽኑ ላይ ተገጥሞ ነው የጠበቃቸው። መፍቻውን ቻኩ ላይ ትቶ ማሽን ማስነሳት ክልክል መሆኑን በመጀመሪያው ቀን ተምሯል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው፤ የተረሳ መፍቻ ዲናሞው ሲነሳ እንደ ጥይት ይወጣል። ቻክ እንዴት ለሌላ ዘንግ እንደሚገጠም ግን አላየም። ጋሼ ዘንድ የመጣ ቀን ከአዲስ አበባ የተገዛ ቻክ ይዞ መጣ፤ ዘንጉ ላይ አልገባም። የዘንጉ ጥርስ ሌላ፣ የቻኩ ጀርባ ሌላ።

ጋሼ ያደረጉት ይህን ነው። በመጀመሪያ ለዘንጉ ጥርስ የሚስማማ መካከለኛ ሰሌዳ ወልድያ አስቆርጠው አመጡ። ሰሌዳውን ዘንጉ ላይ እስከ ትከሻው ድረስ አጠበቁ፤ ትከሻው ላይ ካልተቀመጠ ጥርሱ ብቻውን ቀጥ አድርጎ አይዘውም። ከዚያ ሰሌዳው እዚያው ዘንግ ላይ እየዞረ ፊቱን በጥቂት በጥቂቱ አላጩት። ወልድያ ላይ ልክ የነበረ ፊት ቆቦ ዘንግ ላይ ልክ ላይሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ዘንግ የራሱ ጠባይ አለው። መሐሉ ላይ ዝቅተኛ ጉብታ ተዉ፤ የቻኩ ጀርባ ያላንዳች ክፍተት እንዲቀመጥበት። በመጨረሻ በቡሎን አሰሩት። ታዲያ ልጁ የዚያን ቀን "ይኸማ ትምህርት ቤት ሊነገረን ይገባ ነበር" ብሎ ተቆጣ። ጋሼ "እኔ የተማርኩት ሰባት ሰሌዳ አበላሽቼ ነው" አሉት።

መፈተሻቸው ጠመኔ ነው። ቁራጭ ጠመኔ መሮ ማስደገፊያው ላይ አስደግፈው ወደሚዞረው ዕቃ ቀስ ብለው ያስጠጋሉ። ዕቃው መሐሉን ከሳተ ጠመኔው ዙሪያውን ሳይሆን አንድ ጎኑን ብቻ ይነካል። ነጭ የተነካው ጎን ወጣ ያለው ነው፤ በዚያ በኩል ያለው ቡሎን ይጠብቃል፣ ትይዩው ይላላል። እንደገና ይዞራል። ነጩ መስመር ሙሉ ክብ ሲሆን ሥራ ይጀመራል።

አሁን ወደ ግድግዳው። ቆቦ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆየ። ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተማዋ ውስጥ ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቧል። መብራት ለወራት አልነበረም። በነሐሴ 2014 ከተማዋ ዳግመኛ ተያዘች። ጋሼ ሁለቴም ቤታቸውን ዘግተው ተሰደዱ። ሲመለሱ ዲናሞው አልነበረም፤ እሱን ጠብቀውት ነበር፣ ዲናሞ ይሸጣል። የቱቦው መንከሻ ቁራጭ ብረት መስሎ ከጓሮ ተጥሎ አገኙት። ግድግዳው ግን ባዶ ነው። ጓሮው ውስጥ ሦስት ጉልቻና አመድ ነበር።

"ማን አነደደው?" አልናቸው።

"ምን አውቃለሁ? የራበው ሰው ነዋ፤ ወታደር ይሁን ተፈናቃይ። እንጨት ነው የመሰለው። እውነትም እንጨት ነው።"

ከአመዱ ዳር የተረፈው ያሳዩን የወይራ ድቡልቡል ብቻ ነው። አንድ ጎኑ ጠቁሯል።

የቆቦን ነገር ስናጣራ አንድ ዜና ላይ ዓይናችን አረፈ። በዚያው በጳጉሜ 2013 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ከመቅደላ የተዘረፉ ዕቃዎች ለኢትዮጵያ ኤምባሲ ተመለሱ። በሰኔ ወር እንግሊዝ ውስጥ በጨረታ ሊሸጡ የነበሩት፣ ሸሄራዛድ የተባለ ድርጅት ገዝቶ ያስመለሳቸው የቀንድ ዋንጫዎች ከመካከላቸው ነበሩ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀበላቸው። ፎቶው አለን፤ አጉልተን አየነው። ያዞረው ሰው ስም የለም። ዋንጫውን ይዞ ያዞረው ነገር ምን እንደነበረም የጻፈ የለም፤ ምናልባት እሱም በአንድ ክረምት ጠላ ተጠምቆበታል።

አሁን ጋሼ መያዣዎቹን እንደ አዲስ እየሠሩ ነው። ያኔ አስራ አንድ ደርሰው ነበር። ወይራ ከዞብል የሚያወርድ ሰው ስላጡ በቁርቁራ ይሞክራሉ፤ ቁርቁራ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ይላላል ይላሉ። ልጁ እያንዳንዱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ልኩን በደብተር ይጽፋል። ጋሼ ይህ ለምን እንደሚጠቅም አልገባቸውም፤ ልኩ እጃቸው ላይ ነውና። እኛ ግን ደብተሩን ለምነን ሁለት ገጽ ገለበጥን። ስህተት ካለበት የእኛ ነው፣ ሴንቲ ሜትሩን በስንዝር የተረጎምነው እኛ ነን።

መብራት ሲመጣ ዲናሞው ቀድሞ ጮኸ፣ ሰፈሩ ቀጥሎ እልል አለ። ጋሼ ጠመኔውን አስጠጉ፤ ክቡ ሙሉ ነው። በሃያ ደቂቃ ቀሪው ግማሽ እግር ተላጨ፣ ብርጭቆ ወረቀት ተሸት፣ በሰም ታሸ። በነጠላ ጠቅልለን እንደ ሕፃን ታቅፈን ወሰድነው።

ማታ አልጋው ሲገጠም ተወዛወዘ። ሁላችንም አራተኛውን እግር ከሰን የሙሽራው አጎት ሜትር አምጥተው ለኩት። አራቱም እኩል ናቸው። ጎርባጣው ወለሉ ነበር፤ ካርቶን አጥፈን ሸጎጥንበት።